ከፋርስ ባሕር የወጣ ዕንቍ፤ ስለ መጻሕፍተ መነኮሳትና ስለ ውስጣዊ ትርጓሜ

በዚህ ዘመን ከኵዌት፥ ይልቁንም ከዋናው ከተማ በስተ ደቡብ ካለችው ከፋርዋኒያ፥ ፈቃድ አግኝተው ወደ አገራቸው የተመለሱ ልጆቻችን በክብረ በዓልና በሱባዔ ጊዜ ወደ ገዳም ሲመጡ ደጋግመው የሚያቀርቡት ጥያቄ አለ። ጥያቄውም ይህ ነው፤ በስልክ የሚሰሙት አንድ ትምህርት፥ ግብፅ ማለት የታሰረ ልብ ነው፤ ፈርዖን በሰው ውስጥ ያለ ፍርሃት ነው፤ ሙሴም የነቃ አእምሮ ነው፤ መጽሐፍ በሰው ልቡና የሚሆነውን ለማመልከት ተጻፈ እንጂ ታሪኩ በምድር ላይ አልተደረገም ይላል። ይህ የሊቃውንቶቻችን አንድምታ ነውን? ወይስ ሌላ ነገር ነው?

ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። ከጠያቂዎቹ ብዙዎቹ በሰው ቤት የሚያገለግሉ፥ ከቤተ ክርስቲያን ርቀው የሚሰነብቱ፥ መጽሐፋቸውንም በሌሊት ሥራ ሲያበቃ በጓዳ የሚያነቡ ናቸውና ነገሩ ለእነርሱ የክርክር ጨዋታ አይደለም። ታሪኩ ካልተደረገ ማንን ይጥሩ? ታሪኩ ያለፈ ነገር ብቻ ከሆነ ደግሞ በዚያ ጓዳ ላለች ነፍስ ምን ይረባታል? መልሱን ለማግኘት ወደ ኋላ ተመልሶ የመጻሕፍትን ታሪክ መመርመር ያስፈልጋል። የሚያስደንቀውም ለዚህ መልስ ከሚጠቅሙን መጻሕፍት የሁለቱ ደራስያን የተወለዱት ጠያቂዎቹ ከሚያገለግሉበት ከዚያው ባሕር ዳርቻ መሆኑ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሰው ዓመተ ምሕረት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።)

በስልክ የሚሰማውን ትምህርት በ20ኛው መቶ ዓመት በአሜሪካ ካስፋፉት ሰዎች አንዱ በባርቤዶስ ደሴት በ1905 ተወልዶ በ1972 የሞተው ኔቪል ጎዳርድ ነው። ይህ ሰው የመጽሐፍ ቅዱስ ሰዎች በእውነት የኖሩ ሰዎች ሳይሆኑ የሰው ልቡና ጠባያትና ሁኔታዎች ናቸው፤ እግዚአብሔርም በሰው ውስጥ ያለው ኃይለ ምናብ ነው ብሎ ያስተምር ነበር። በኒው ዮርክ አብዱላህ ከሚባል ኢትዮጵያዊ ዕብራይስጥንና የመጻሕፍትን ምስጢር ተማርሁ እያለ ይናገር ስለ ነበረ፥ አንዳንዶች ትምህርቱን ከኢትዮጵያ የወጣ ጥንታዊ ጥበብ ያስመስሉታል። ልጆቻችንም «የእኛ ነውን?» ብለው ቢጠይቁ አይፈረድባቸውም።

መጽሐፍን ወደ ልብ መልሶ ማንበብ ግን የዚህ ሰው ግኝት አይደለም። በጌታችን ልደት ዘመን በእስክንድርያ የነበረው አይሁዳዊው ፊሎን፥ አብርሃም ከከለዳውያን አገር መውጣቱን ልቡና ከስሜት ግዛት መውጣቱ ነው ብሎ ተርጕሞታል፤ ግብፅንም የሥጋና የፍትወት አገር አድርጎ አይቷታል። ይሁን እንጂ ይኸው ፊሎን ምስጢሩን አወቅን ብለው ሰንበትን መጠበቅንና ግዝረትን የተዉትን ሰዎች ገሥጾአቸዋል፤ ሥጋ የነፍስ ቤት እንደ ሆነ ሁሉ ፊደሉም የምስጢር ቤት ነውና ቤቱን አፍርሶ በውስጡ መኖር የሚቻለው የለም ማለቱ ነው። ከእርሱ በኋላ ኦሪጎን በ3ኛው መቶ ዓመት፥ በኦሪት ዘኍልቍ በምዕራፍ 33 የተቈጠሩትን የእስራኤልን 42 ሰፈሮች ነፍስ ከኃጢአት ወጥታ ወደ አምላኳ የምትሄድባቸው ማረፊያዎች አድርጎ አንድ በአንድ ተረጐማቸው። የኦሪጎን ስም በኋላ ዘመን ቢወገዝም መንገዱ አልጠፋም፤ ጎርጎርዮስ ዘኑሲስም የሙሴን ሕይወት ሲጽፍ በመጀመሪያ ታሪኩን እንደ ተጻፈ ተናግሮ፥ ቀጥሎ በነፍስ ጉዞ መሰለው።

የበረሃ አባቶች ለዚህ ንባብ የተጣደፉት ጥበብን ለማሳየት ሳይሆን ተገድደው ነው። መነኵሴ ቀንና ሌሊት ዳዊት ይደግማል፤ በ136ኛው መዝሙር ፍጻሜ ደግሞ የባቢሎንን ሕፃናት በዓለት ላይ ስለሚፈጠፍጥ ሰው የተነገረ ቃል ይገጥመዋል። ጠላቱን እንዲወድ የታዘዘ ሰው ይህን በአፉ ይዞ እንዴት ይጸልይ? አባቶች፥ የባቢሎን ሕፃን ገና የተወለደ ክፉ ሐሳብ ነው፤ ዓለቱም ክርስቶስ ነው፤ ሐሳቡን ሳያድግ በክርስቶስ ላይ ሰብረው ብለው ተረጐሙለት። እንዲህ ባይሆን ኖሮ በየቀኑ ያንን መዝሙር የሚደግም ሰው ወይ ጨካኝ ይሆን ነበር፥ ወይ መዝሙሩን ይተው ነበር።

ይህን መንገድ በብርቱ የተቃወመው በ428 የሞተው ቴዎዶሮስ ዘመጵስዌስትያ ነው። ትርጓሜያቸውን ወደ ውስጥ የሚያዞሩ ሰዎች ታሪኩን አፍርሰው በምትኩ የሌሊት ሕልም ያቆማሉ፤ አዳም አዳም ካልሆነ ሁለተኛው አዳም ለምን መጣ? እያለ ወቀሰ። ይህ ሰው በሃይማኖቱ የንስጥሮስ ወገን መምህር ስለ ሆነ ቤተ ክርስቲያናችን አትቀበለውም፤ ስለ ታሪክ የተናገረው ግን ከአንድ ወገን እውነት እንዳለበት አልክድም። ዛሬ በስልክ የሚሰሙትን ትምህርት ሰምቶ ቢሆን ኖሮ «ይህን አልነበረምን የምላችሁ?» ባለን ነበር።

እንግዲህ የታሪካችን ልብ ከዚህ ይጀምራል። በፋርስ ግዛት የነበረችው የምሥራቅ ቤተ ክርስቲያን ቴዎዶሮስን «ተርጓሚው» ብላ በትምህርት ቤቶቿ ሁሉ፥ ይልቁንም በንጽቢን፥ አነገሠችው። ይህችም ቤተ ክርስቲያን ከዛሬይቱ ቀጠር አንሥቶ በባሕሩ ምዕራባዊ ዳርቻ ባለው፥ በሱርስት ቤተ ቀጥራዬ በሚባለው አገር ኤጲስ ቆጶሳትና ገዳማት ነበሯት። እስልምና በዚያ አገር ከሠለጠነ በኋላ እንኳ በ676 ካቶሊኮስ ጊዮርጊስ ወደዚያ ወርዶ በዳሪን ደሴት ጉባኤ አድርጓል። በኵዌት ፊት ለፊት በባሕር ውስጥ በምትገኘው በፈይለካ ደሴትም፥ አል ቁሱር በሚባል ስፍራ፥ የፈረንሳይ ቈፋሪዎች በ1989 የቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ በጀሶ ከተሠሩ መስቀሎች ጋር አገኙ። በመጀመሪያ ከእስልምና በፊት የተሠራ መስሏቸው ነበር፤ በኋላ የተደረገው ምርመራ ግን ወደ 7ኛውና ወደ 8ኛው መቶ ዓመት አወረደው። በቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ትንንሽ ቤቶች ግቢ ግቢያቸውን ይዘው ተራርቀው ቆመዋል። የገዳም ሰው ይህን ሲሰማ ሌላ ማስረጃ አያሻውም፤ እያንዳንዱ በበኣቱ ጸንቶ ሰንብቶ ለቅዳሴ የሚሰበሰብበት ሥርዓት እንደ ነበረ ያስተውላል።

ማር ይስሐቅ ከዚህ ከቤተ ቀጥራዬ በ7ኛው መቶ ዓመት የተገኘ ነው። («ማር» በሱርስት ጌታዬ ማለት ነው፤ እኛ ግን ከስሙ ጋር አጣብቀን እንጠራዋለን።) ካቶሊኮስ ጊዮርጊስ የነነዌ ኤጲስ ቆጶስ አድርጎ ሾመው፤ እርሱም አምስት ወር ብቻ ቆይቶ ሹመቱን ተወና ወደ ኩዚስታን ተራሮች ወጣ፤ በኋላም በራባን ሻቡር ገዳም ኖረ። ከዚያው ወገን፥ በዚያው መቶ ዓመት፥ በዚያው በራባን ሻቡር ገዳም የነበረ ሌላ መነኵሴም ዳዲሾዕ ቀጥራዊ ይባላል። የአባ ኢሳይያስን መጽሐፍና «ገነተ አበው» የተባለውን የግብፅ መነኮሳት ታሪክ ተርጕሟል፤ ስለ ሰባት ሳምንት ጽሞናም ጽፏል።

ዳዲሾዕ ለጥያቄያችን ታላቅ ምስክር ነው። የቤተ ክርስቲያኑ ትምህርት ቤቶች በቴዎዶሮስ ተመርተው ከታሪክ በቀር ትርጓሜ የለም በሚሉበት ጊዜ፥ በመነኮሳት ንባብ የሚዘብቱትን ሊቃውንት ተቃውሞ፥ ትርጓሜ ሦስት ነው ብሎ ጻፈ። አንደኛው የታሪክ ትርጓሜ ነው፤ ይህ የተማሪ ቤት ነው። ሁለተኛው ባስልዮስና ዮሐንስ አፈ ወርቅ ያስተማሩት የስብከት ትርጓሜ ነው፤ ይህ በዓለም ለሚኖሩ ሰዎች ነው። ሦስተኛው መንፈሳዊው ነው፤ ይህም በበኣት ተዘግተው ከሐሳብ ጋር ለሚዋጉ መነኮሳት ነው። ልብ በሉ፤ ዳዲሾዕ ሦስተኛውን ሲያቆም አንደኛውን አልነቀለም። ተማሪው ስለ ፈርዖን ይጠይቃል፥ መነኵሴውም በሌሊት ስለሚያሳድደው ፈርዖን ይጠይቃል፤ ሁለቱም ትክክል ናቸው አለ እንጂ ፈርዖን አልነበረም አላለም።

የዳዲሾዕ መጽሐፍ እንዴት ወደ እኛ እንደ ደረሰ ደግሞ ራሱን የቻለ ነገር ነው። ስለ ገነተ አበው የጻፈው ትርጓሜ፥ ወንድሞች እየጠየቁ አረጋዊ የሚመልስበት መጽሐፍ፥ ከሱርስት ወደ ዐረብኛ፥ ከዐረብኛም በ14ኛው መቶ ዓመት ወደ ግዕዝ ተመለሰ። በመንገድ ላይ ግን የደራሲው ስም ተለወጠ። በ523 የሞተው የመንቡግ ኤጲስ ቆጶስ ፊልክስዩስ የኬልቄዶንን ጉባኤ የተቃወመ፥ በእኛም ዘንድ የተወደደ ስለ ነበረ፥ መጽሐፉ በእርሱ ስም ተጠራ። እኛም እስከ ዛሬ «ፊልክስዩስ» እንለዋለን። የሱርስትና የፋርስ ልሳናት ምሁራን በ20ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ መጻሕፍቱን አስተያይተው የዳዲሾዕ መሆኑን አሳዩ። አንዳንድ ካህናት ይህን ሲሰሙ ያዝናሉ። እኔ ግን የማዝንበት ምክንያት አይታየኝም። መጽሐፉ የሚያስተምረው ሐሳብን ስለ መዋጋት እንጂ ስለ ባሕርያት ክርክር አይደለም፤ መምህራኖቻችንም ስንዴውን ከገለባ ሳይለዩ ወደ ጉባኤ የሚያስገቡ አልነበሩም። ማር ይስሐቅ፥ ፊልክስዩስና አረጋዊ መንፈሳዊ ሦስቱ ተባብረው መጻሕፍተ መነኮሳት ይባላሉ፤ ከብሉይ፥ ከሐዲስና ከሊቃውንት ቀጥሎም አራተኛው ጉባኤ ሆነው ይተረጐማሉ።

አሁን ወደ አንድምታችን እንመለስ። ይህ ትርጓሜ በጎንደር ዘመን ሰፍቶና ተደራጅቶ፥ በ18ኛው መቶ ዓመት በመምህር ኤስድሮስ ጊዜ ላይ ቤትና ታች ቤት ተብሎ ለሁለት የተከፈለው ነው። አካሄዱን በጉባኤ የተቀመጠ ሁሉ ያውቀዋል። መምህሩ የግዕዙን ንባብ ያሰማል፤ ነጠላ ትርጓሜውን ይሰጣል፤ ታሪክ ካለው ታሪኩን ያመጣል፤ ከዚያ በኋላ «አንድም» ይላል። ወደ ኢያሪኮ የወረደውን ሰው እንመልከት። በመጀመሪያ መንገደኛ ነው፤ ወንበዴዎች ደብድበው የጣሉት፥ ካህኑና ሌዋዊው አይተውት ያለፉ። አንድም አዳም ነው፤ ኢየሩሳሌም ገነት፥ ኢያሪኮ ይህ ዓለም፥ ወንበዴዎቹ አጋንንት፥ ሳምራዊው ጌታችን፥ የእንግዶች ማረፊያው ቤተ ክርስቲያን፥ ሁለቱ ዲናርም ብሉይና ሐዲስ ናቸው። ከዚህ በኋላ መነኵሴው በበኣቱ ሲያስበው፥ ከጸሎት ከፍታ ወደ ከንቱ ሐሳብ የወረደች የራሱ ነፍስ ትሆናለች። ዳዲሾዕ ለሦስት ዓይነት ሰዎች የከፈለውን የእኛ መምህራን በአንድ ገጽ ላይ ደርድረው ለሁሉም አቀረቡት። ይህን ከሌሎች ወገኖች መጻሕፍት ጋር ሳስተያየው እጅግ የማደንቀው ነው፤ ገበሬው የመነኵሴውን ድርሻ፥ መነኵሴውም የተማሪውን ድርሻ ይሰማልና።

ነገሩ ሁሉ «ም» በምትባል በአንዲት ፊደል ላይ የተንጠለጠለ ነው። «አንድም» ያለ መምህር የፊተኛውን ሳይሽር ሌላ ይጨምራል። በስልክ የሚሰማው ትምህርት ግን «ብቻ» ይላል፤ ሳምራዊው የአእምሮ ሁኔታ ብቻ ነው፥ ቍስለኛውም እንዲሁ። ቍስለኛው በመንገድ ላይ ከሌለ ደግሞ ዘይትና ወይን የሚፈስበት ሰውነት አይኖርም፤ በአጠገቡ ማለፍም ኃጢአት መሆኑ ይቀራል።

ማር ይስሐቅ ይህን ውስጣዊ ንባብ ከአገሩ ባሕር ጋር እንዴት እንዳዋደደው ማየት ደስ ያሰኛል። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 13 ዕንቍ የሚፈልግ ነጋዴ አለ፤ ያለውን ሁሉ ሸጦ አንዲቱን ይገዛል። ማር ይስሐቅ ነጋዴውን ጠላቂ ያደርገዋል፤ ጠላቂ ዕንቍ እስኪያገኝ ድረስ ራቁቱን ወደ ባሕር እንደሚወርድ፥ መነኵሴም ክርስቶስን እስኪያገኝ ድረስ ከሁሉ ተራቁቶ በዚህ ዓለም ያልፋል ይላል። ይህ በመጽሐፍ ቤት የተፈጠረ ምሳሌ አይደለም። የዚያ ባሕር ዕንቍ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው፤ ኵዌትም ራሷ የቡርጋን ነዳጅ በ1938 ከመገኘቱ በፊት የምትኖረው በመርከብ ንግድና በዕንቍ ነበር። በበጋቸው፥ አራት ወር ለሚያህል ጊዜ፥ ጀልባዎቹ በባሕር ላይ ይሰነብታሉ። ጠላቂው አፍንጫውን በመቈንጠጫ ይዘጋል፤ እግሩን ድንጋይ በታሰረበት ገመድ ላይ ያሳርፋል፤ ትንፋሹን ይዞ ይወርዳል፤ ዛጎሉን በአንገቱ በተንጠለጠለ መረብ ይሰበስባል። ከላይ አንድ ሳቢ ሌላውን ገመድ ይዞ ይጠብቃል፤ ጠላቂው ገመዱን ሲነቀንቅ ፈጥኖ ያወጣዋል። ሳቢው ቢዘናጋ ጠላቂው ይሞታል። ስለ መንፈስ አባት ብዙ ከሚናገሩ ስብከቶች ይህ ገመድ ይበልጥ ያስረዳኛል።

በግዕዛችንም ዕንቍ «ባሕርይ» ይባላል። ይኸው ቃል ደግሞ የአንድ ነገር እውነተኛ ጠባይ፥ ህላዌው ማለት ነው። በክብረ ነገሥትም ባሕርይ በአዳም ሰውነት ተቀምጣ ከአባት ወደ ልጅ ስትተላለፍ እስከ እመቤታችን ትደርሳለች። የጎንደር መምህራን ማር ይስሐቅን ሲተረጕሙ ባሕሩን ያላዩ ደጋኞች ሆነው ሳሉ ምሳሌው ያልከበዳቸው ቋንቋው ራሱ ስላዘጋጀላቸው ይመስለኛል። በመነኮሳት ጉባኤ የሚቈጠሩት ዐሥሩ መዓርጋትም ይህን ይመስላሉ፤ በንጽሐ ሥጋ ጽማዌ፥ ልባዌና ጣዕመ ዝማሬ፤ በንጽሐ ነፍስ አንብዕ፥ ኵነኔ፥ ፍቅርና ሑሰት፤ በንጽሐ ልቡና ንጻሬ መላእክት፥ ተሰጥሞና ከዊነ እሳት ናቸው። ዘጠነኛው ተሰጥሞ በብርሃን ባሕር ውስጥ መስጠም ነው። የሥጋ፥ የነፍስና የልቡና ክፍፍሉ ከሱርስት መነኮሳት ትምህርት ጋር የሚስማማ ነው።

በዚህ ስፍራ ግን አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ለልጆቻችን የማይጠቅም ጽሑፍ ይሆናል። የዕንቍ ጠላቂዎች አብዛኞቹ የጀልባው አለቃ ባለዕዳዎች ነበሩ፤ ወቅቱ ሳይጀመር ለቤተሰብ ቀለብ ይበደራሉ፥ ወቅቱ ሲያልቅም ያገኙት ዕዳውን አይሞላም። ዛሬ ወደዚያ አገር ከሚሄዱት ልጆቻችንም ብዙዎች በዕዳ ይሄዳሉ፤ አንዳንዶችም ደጅ ከውጭ ተቈልፎባቸው፥ ፓስፖርታቸው በሌላ ሰው እጅ ሆኖ ይቀመጣሉ። የኵዌት መንግሥት በ2015 ባወጣው በ68ኛው ሕግ አሠሪ የቤት ሠራተኛን ፓስፖርት እንዳይይዝና በሳምንት አንድ ቀን ዕረፍት እንዲሰጣት አዝዟል። ሕግ መውጣቱ ራሱ ነገሩ በውጭ እንዳለ ይመሰክራል። እንዲህ ያለችን ልጅ «ግብፅ በልብሽ ናት፤ ሐሳብሽን ለውጪ» ብሎ መምከር ከባድ በደል ነው። የመነኵሴ በኣት የሚዘጋው ከውስጥ ነው፤ ቍልፉም በመነኵሴው እጅ ነው። በዘፀአትም እግዚአብሔር የሕዝቡን መከራ አየ፥ ጩኸታቸውንም ሰማ ሲል፥ ጡቡ ጡብ ነበር፥ ጅራፉም ጅራፍ ነበር። ታሪኩ እንዲህ ሆኖ ከቆመ በኋላ፥ በሌሊት ጓዳዋ ለምትጸልየው ልጅ አንድምታው ይጨመርላታል፤ ጅራፉ በማይደርስበት በልቧ ክፍል ፈርዖን አልነገሠም፤ እዚያ ያለው ንጉሥ ሌላ ነው።

ማር ይስሐቅ ራሱ እንዲህ ያነብ እንደ ነበረ ስለ እርሱ የሚነገረው ታሪክ ያስረዳል። በነነዌ በተሾመ ጊዜ ሁለት ሰዎች ስለ ዕዳ ተካሰው ወደ እርሱ መጡ። ባለዕዳው ጥቂት ቀን ስጠኝ ብሎ ይለምናል፤ አበዳሪው ዛሬ ካልከፈለኝ ለዳኛ አሳልፌ እሰጠዋለሁ ይላል። ማር ይስሐቅ፥ ወንጌል የወሰደብህን አትጠይቅ ካለ አንድ ቀን መታገሥ እንዴት ያቅትሃል ቢለው፥ ሰውየው አሁን ወንጌሉን ተወው አለው። ማር ይስሐቅም ወንጌል የማይሰማ ከሆነ እኔ እዚህ ምን አደርጋለሁ ብሎ መንበሩን ትቶ ሄደ። የውስጡን ንባብ ጠልቆ ያስተማረን ይህ አባት የዕዳውን ቃል ወደ ምሳሌ አላዞረውም። ለዚያ ድኻ ሰው፥ በዚያ ቀን፥ እንደ ተጻፈ ይፈጸም አለ እንጂ።

በእርጅናው ዘመን ከንባብና ከተጋድሎ ብዛት ዓይኖቹ ጠፉ። ከዚያ በኋላ እርሱ ይናገራል፥ ደቀ መዛሙርቱም ይጽፉ ነበር። እነርሱም «ሁለተኛው ዲዲሞስ» ብለው ጠሩት። የፊተኛው ዲዲሞስ በእስክንድርያ በ4ኛው መቶ ዓመት የነበረው ዕውር መምህር፥ መጽሐፍን ወደ ውስጥ ከሚተረጕሙት ወገን ነው። ስለዚህ ከቴዎዶሮስ ትምህርት ቤት በወጡ ሰዎች አፍ፥ የቤተ ቀጥራዬው መነኵሴ በእስክንድርያው መምህር ስም ተጠራ። መጽሐፉንም በእኛ አገር ዛሬ የመነኮሳት ጉባኤ የሚቀመጡ ተማሪዎች፥ በራባን ሻቡር ገዳም እንደ ነበረው ሁሉ፥ አብዛኛውን ከመምህር አፍ በጆሯቸው እየሰሙ ይማሩታል።